የሙቀት ማዕበል ከየት ይመጣል? ማንንስ ይጎዳል?

መግቢያ

ክረምት ሲባል ለእኛ ለደጋው ሰዎች ወዲያው የሚታየን ዝናብ፣ ጭቃና ካፖርት ነው። በሐምሌና በነሐሴ በአዲስ አበባ የቀኑ ከፍተኛ መጠነ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም አይርቅም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ግን እነዚሁ ወራት የዓመቱ ሞቃት ጊዜ ናቸው፤ በአንዳንድ ዓመታትም ሙቀቱ ከልክ አልፎ የብዙ ሺህ ሰዎችን ሕይወት ይቀጥፋል።

ነገሩን በፊዚክስ ዓይን ለሚመለከት ሰው አንድ እንቆቅልሽ ይገጥመዋል። በነሐሴ መገባደጃ ገደማ የቀትር ፀሐይ በአዲስ አበባ በቀጥታ ከአናት በላይ ትሆናለች። በፓሪስ ግን በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ፀሐይ በቀትር ከአድማስ ከፍ የምትለው 57 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ታዲያ ፀሐይ ከአናት በላይ በሆነችበት አገር ካፖርት ሲለበስ፣ ጋደል ብላ በምትታይበት አገር መጠነ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ የሚወጣው ለምንድን ነው? የቦታችን ከፍታ፣ ደመናውና ዝናቡ የመልሱ አንድ ክፍል ናቸው። የፓሪስ ቀን በዚያ ወቅት 14 ሰዓት ተኩል ያህል መርዘሙም ሌላው ክፍል ነው። ሆኖም ከፀሐይ ምን ያህል ሙቀት ገባ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ የገባው ሙቀት በየት በኩል ይወጣል ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። ሙቀት አደጋ የሚሆነው መውጫው ሲዘጋ መሆኑን ይህ ጽሑፍ ከአየሩ፣ ከአፈሩ፣ ከቤቱና ከሰው አካል በተወሰዱ አራት ማስረጃዎች ያብራራል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃላቱን እንለይ

በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ሙቀት» የምንለው ቃል በፊዚክስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው አንድ ነገር ምን ያህል እንደሞቀ የሚገልጸውና በቴርሞሜትር የሚነበበው ልክ ሲሆን መጠነ ሙቀት ይባላል። ሁለተኛው ከሞቀው አካል ወደ ቀዘቀዘው የሚተላለፈው ኃይል ሲሆን እርሱ ራሱ ሙቀት ነው፤ የሚለካውም በጁል ነው።

«የሙቀት ማዕበል» የሚለው ስያሜም ማብራሪያ ይሻል። እንደ ድምፅ ወይም እንደ ብርሃን ሞገድ የሚርገበገብ ነገር አይደለም። በአንድ አካባቢ ለወቅቱ ከተለመደው እጅግ የላቀ መጠነ ሙቀት ቀንና ሌሊት ለተከታታይ ቀናት ሲቆይ የሙቀት ማዕበል ተከሰተ ይባላል። እዚህ ላይ «ከተለመደው» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባል። በአፋር የሚገኘው ዳሎል በ1960ዎቹ ለጥቂት ዓመታት በተደረገ ልኬት አማካይ የዓመት መጠነ ሙቀቱ ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህም ሰው በኖረባቸው ቦታዎች ከተመዘገቡት የዓመት አማካዮች ከፍተኛው መሆኑ ይታወቃል። በዳሎል 38 ዲግሪ የዘወትር ነገር ነው። በለንደን ግን የቤቱ አሠራር፣ የሥራው ሰዓትና የሰዉ አካል ልማድ ለዚህ አልተዘጋጁምና 38 ዲግሪ አደጋ ነው።

በ2003 በአውሮፓ ምን ደረሰ?

የዚያ ዓመት የጸደይ ወራት በምዕራብና በመካከለኛው አውሮፓ ዝናብ ያጠራቸው ነበሩ። ጁን እጅግ ሞቃት ሆነ። ከኦገስት መጀመሪያ አንሥቶም ሁለት ሳምንት ያህል የቆየ ከባድ ሙቀት ፈረንሳይን ማዕከል አድርጎ አህጉሩን ያዘ። በፖርቱጋል አማሬሌዣ በተባለች ከተማ መጠነ ሙቀቱ ከ47 ዲግሪ አለፈ። ኦገስት 10 በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ በፋቨርሻም አጠገብ 38.5 ዲግሪ፣ በማግሥቱም በስዊዘርላንድ ግሮኖ 41.5 ዲግሪ ተለካ። እነዚህ በጊዜው የየአገሮቹ ክብረ ወሰኖች ነበሩ።

በፈረንሳይ ብቻ በዚያ ወቅት ከሚጠበቀው የሞት ቁጥር በላይ 15,000 ያህል ሰዎች ሞቱ። በመላው አውሮፓ የዚያ ዓመት የሞቃት ወራት ተጨማሪ ሞት ሲደመር ከ70,000 በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በፈረንሳይ ከሞቱት አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት በላይ የሆነ፣ ብዙዎቹም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። በሀብትም በሕክምናም በበለጸገ አገር ይህ እንዴት ሊደርስ ቻለ? እስቲ ከአየሩ እንጀምር።

አንደኛ፦ ክዳን የሆነ አየር

የብስክሌት ጎማ በእጅ መንፊያ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ እንደሚሞቅ ያውቃል። እሳት የነካው የለም፤ አየሩ ስለታመቀ ብቻ ሞቀ። በከባቢ አየር ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ከላይ ያለ አየር ወደ ታች ሲወርድ ከበላዩ የሚጫነው አየር እየጨመረ ስለሚሄድ ይታመቃል፤ በየኪሎ ሜትሩም 10 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ወደ ላይ የሚወጣ ደረቅ አየር በተቃራኒው በዚያው ልክ ይቀዘቅዛል።

ከባድ የሙቀት ማዕበል የሚፈጠረው ከፍተኛ የአየር ግፊት ያለበት ሰፊ ክልል በአንድ ቦታ ላይ ለብዙ ቀናት ረግቶ ሲቀመጥ ነው። በእንዲህ ያለ ክልል ውስጥ አየሩ በዝግታ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲወርድም ይሞቃል፣ ይደርቃልም። ደመና ስለማይፈጠር የፀሐይ ጨረር ያለ ከልካይ ከምድር ይደርሳል። ከሁሉም በላይ ከበላይ ያለው ሞቃት አየር እንደ ምጣድ አክንባሎ ስለሚሆን፣ ከመሬት የሚነሣው ትኩስ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ሙቀቱን ሊያራግፍ አይችልም። በዚህ ምክንያት ሁኔታው የሙቀት ጉልላት ተብሎ ይጠራል። በተለመደው ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ፈጣን ነፋስ፣ ጄት ስትሪም የሚባለው፣ እንዲህ ያለውን ክልል ገፍቶ ያሳልፈዋል። ነፋሱ ትልልቅ ቀለበት እየሠራ ሲጠማዘዝ ግን ጉልላቱ ባለበት ይቆማል። እንግዲህ የመጀመሪያው መውጫ፣ ማለትም ወደ ላይ ያለው በር፣ ተዘጋ ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ላብ ያለቀበት አፈር

በሸክላ እንስራ ያደረ ውኃ ቀዝቃዛ የሚሆነው ውኃው በሸክላው ቀዳዳዎች በኩል ጥቂት በጥቂት እየወጣ ስለሚተን ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ በአካባቢ መጠነ ሙቀት እንዲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል። ይህ ሙቀት የቴርሞሜትሩን ንባብ ሳይለውጥ በተኑ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚሄድ ስውር ሙቀት ይባላል። እርጥብ አፈርና ለምለም ዕፅዋትም እንደ እንስራው ናቸው፤ ከፀሐይ የተቀበሉትን ሙቀት በትነት ያስወግዳሉ።

በቁጥር እንየው። በሞቃት ወቅት ከእርጥብ ማሳ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ውኃ ሊተን ይችላል፤ ይህም በአንድ ካሬ ሜትር 4 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ለዚህ ትነት የሚያስፈልገው ሙቀት 10 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። አፈሩ ቢደርቅና የሚተን ውኃ ቢጠፋስ? ያው 10 ሚሊዮን ጁል አየሩን ያሞቃል። በዚያችው ካሬ ሜትር ላይ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው አየር 2,200 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንዱን ኪሎ ግራም በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1,000 ጁል ያህል ይበቃል። ሲካፈል በአንድ ቀን ውስጥ ከ4 ዲግሪ በላይ የሆነ ተጨማሪ ሙቀት እናገኛለን። ይህ ስሌት አየሩ በጨረር የሚያጣውን ሙቀት ስለማያካትት ግምታዊ ነው፤ ቢሆንም የነገሩን ክብደት በሚገባ ያሳያል። በ2003 የጸደዩ ድርቀት ለኦገስቱ ሙቀት መንገድ የጠረገው በዚህ ዓይነት ነው። በነሐሴ የእኛን ደጋ ከሚያቀዘቅዙት ምክንያቶች አንዱም ይኸው የእርጥብ አፈር ትነት ነው።

ሦስተኛ፦ የማይቀዘቅዝ ሌሊት

በ2006 ለዶክትሬት ትምህርት በጀርመን አገር ሳለሁ የጁላይ ወር እጅግ ሞቃት ሆነ። የምኖረው በአንድ አሮጌ ሕንፃ የመጨረሻ ፎቅ፣ ከጣሪያው ሥር ነበር። አከራዬ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ በመጀመሪያው ቀን መጥተው በቀን መስኮቱን ዝጋ፣ መዝጊያውንም አውርድ፣ ሲመሽ ክፈት ብለው መከሩኝ። እኔም ከአፍሪካ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ይህ ሙቀት ምን ያደርገኛል በሚል ስሜት ምክራቸውን በፈገግታ አሳለፍኩት፤ ነፋስ ይግባልኝ ብዬም በቀትር መስኮቱን ሁሉ በረገድኩት። በሦስተኛው ሌሊት እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ። ከቤተ ሙከራ ባመጣሁት ቴርሞሜትር ስለካ በእኩለ ሌሊት ደጁ 22 ዲግሪ ሲሆን ክፍሌ 31 ነበር። የደጋ ልጅ መሆኔን የዘነጋሁት እኔ ነበርኩ፤ ፊዚክሱን በተግባር የሚያውቁት ግን አሮጊቷ ነበሩ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ሜትር ኩብ የጡብ ግንብ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚያከማቸው ሙቀት፣ ያንኑ ያህል ስፋት ያለው አየር ከሚያከማቸው ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ግንቡ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ክፍሉ ይመልሳል። በከተማ ውስጥ ደግሞ ግድግዳዎች እርስ በርስ ስለሚተያዩ አንዱ የለቀቀውን ጨረር ሌላው ይቀበለዋል፤ ወደ ሰማይ የሚያመልጠው ጥቂቱ ነው። በኦገስት 2003 በፓሪስ እጅግ ሞቃት በሆኑት ሌሊቶች ዝቅተኛው መጠነ ሙቀት 25.5 ዲግሪ ነበር። ይህ የደጁ ንባብ ነው። በከተማይቱ በብዛት በሚታየው የዚንክ ጣሪያ ሥር፣ በመጨረሻው ፎቅ ባሉት ጠባብ ክፍሎች የነበረው ከዚህ የባሰ እንደሚሆን በቆርቆሮ ቤት ያደገ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ቀን የደከመ ልብ ሌሊት ማረፍ ካልቻለ ድካሙ በየቀኑ ይደራረባል።

አራተኛ፦ የሰው አካል

በዕረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ ሰው አካል እንደ አንድ ባለ 100 ዋት አምፖል ያህል ሙቀት ያመነጫል። ቆዳችን 35 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ አየሩ ከዚህ በታች ሲሆን ሙቀቱ በራሱ ጊዜ ወደ ውጭ ይወጣል። አየሩ ከቆዳችን በላይ ሲሞቅ ግን አቅጣጫው ይገለበጣል፤ የሚቀረን መውጫ የላብ ትነት ብቻ ይሆናል። 100 ዋትን ለማስወገድ በሰዓት 150 ግራም ላብ መትነን አለበት። ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው 400 ዋት ያህል ቢያመነጭ 600 ግራም ያስፈልገዋል። ይህም ከአካባቢው የሚመጣውን ሙቀት ሳንቆጥር ነው። ላብ ለማዘጋጀት ልብ ደምን በብዛት ወደ ቆዳ መግፋት ግድ ይሆንበታል። የአረጋውያንና የልብ ሕሙማን ጉዳት የሚበረታው ከዚህ የተነሣ ነው።

ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፤ ተንጠባጥቦ የሚወርድ ላብ ጥቅም የለውም። አየሩ በእርጥበት ከተሞላ ትነቱ ይቆማል። ይህን የምንለካው በረጠበ ጨርቅ በተጠቀለለ ቴርሞሜትር ነው። የእርጥቡ ቴርሞሜትር ንባብ 35 ዲግሪ ሲደርስ ጤነኛ ሰው በጥላ ሥር ተቀምጦ ቢነፈስበትም እንኳ ለብዙ ሰዓታት በሕይወት ሊቆይ እንደማይችል በስሌት ተረጋግጧል። ኋላ በወጣቶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም አካል መቋቋም የሚሳነው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ31 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን አሳይተዋል።

ጉዳዩ እኛንም በቅርብ ይነካል። በርካታ ኢትዮጵያውያን ሠርተው በሚኖሩባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች የባሕር ዳርቻዎች የእርጥቡ ቴርሞሜትር ንባብ ለአጭር ጊዜ 35 ዲግሪ የነካበት ጊዜ አለ። ካታር በ2021 ባወጣችው ደንብ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ደጅ በፀሐይ መሥራትን ከልክላለች። በተጨማሪም የእርጥቡን ቴርሞሜትር፣ የጥቁር ሉልንና የአየሩን ንባብ አዳምሮ የሚሰላው መለኪያ ከ32.1 ዲግሪ ሲያልፍ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ሥራ እንዲቆም ደንቡ ያዛል። በዚህ መለኪያ ውስጥ የእርጥቡ ቴርሞሜትር ድርሻ ከመቶ 70 ነው። ከዚህ እንደምንረዳው የዜናው «ዛሬ 45 ዲግሪ» ብቻውን ሙሉውን አይነግረንም፤ እርጥበት ያለበት 36 ዲግሪ ከደረቅ 45 ሊከፋ ይችላል።

ክብረ ወሰን ምን ይነግረናል?

ክብረ ወሰን ሁሉ አይታመንም። በሊቢያ አል አዚዚያ በ1922 ተመዘገበ የተባለው 58 ዲግሪ ለዘጠና ዓመታት የዓለም ከፍተኛ ተብሎ ሲጠቀስ ኖሯል። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ሰነዱን አስመርምሮ፣ ልምድ የሌለው መዝጋቢ መሣሪያውን በስሕተት ሳያነበው እንዳልቀረ በማግኘቱ በ2012 ሰርዞታል። አሁን በይፋ የሚታወቀው በ1913 በካሊፎርኒያ የሞት ሸለቆ የተለካው 56.7 ዲግሪ ነው።

በጥንቃቄ የተለካ ክብረ ወሰን ግን ብዙ ይናገራል። የአየር ንብረት የማይለወጥ ቢሆን ኖሮ፣ ከመቶ ዓመታት ውስጥ ከፍተኛው መጠነ ሙቀት የመገኘቱ ዕድል ለእያንዳንዱ ዓመት እኩል፣ ማለትም ከመቶ አንድ ነው። ስለዚህ ልኬት በተጀመረ በመቶኛው ዓመት አዲስ ክብረ ወሰን የመመዝገቡ ዕድል አንድ መቶኛ ይሆናል። በአጠቃላይም በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት 5 ያህል ክብረ ወሰኖች ብቻ ይጠበቃሉ፤ አብዛኞቹም መጀመሪያ ላይ። ከመቶኛው ዓመት በኋላ ባሉት 33 ዓመታት የሚጠበቀው አንድ እንኳ አይሞላም፤ 0.3 ገደማ ነው። በብሪታንያ በ1911 የተለካው 36.7 ዲግሪ ለ79 ዓመታት ሳይደፈር ቆየ። ከዚያ በኋላ ግን በ1990 37.1፣ በ2003 38.5፣ በ2019 38.7፣ በ2022 ደግሞ 40.3 ተመዘገበ። በ33 ዓመታት 4 ጊዜ መሆኑ ነው። ይህን በአጋጣሚ ማስረዳት አይቻልም።

አማካዩ በጥቂቱ ሲጨምር ዳርቻው ለምን እንዲህ ይናወጣል? ለምሳሌ ያህል የአንድ ቦታ የቀን መጠነ ሙቀት በአማካይ 25 ዲግሪ፣ መደበኛ ልይይቱም 3 ዲግሪ ነው እንበል። በደወል ቅርጽ ሥርጭት መሠረት ከ34 ዲግሪ የሚያልፉት ቀናት ከ10,000 ውስጥ 13 ወይም 14 ናቸው። አማካዩ በ1.5 ዲግሪ ብቻ ቢጨምር ቁጥራቸው 62 ይሆናል፤ አምስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። በ2004 የታተመ የብሪታንያ ተመራማሪዎች ጥናትም የሰው ልጅ ወደ አየር የሚለቃቸው ጋዞች እንደ 2003 ያለ ሞቃት ወቅት የመከሰት ዕድሉን ቢያንስ በእጥፍ ሳያሳድጉት እንዳልቀሩ አመልክቷል። በ2021 ደግሞ በካናዳ ሊተን የተባለች መንደር ጁን 29 ቀን 49.6 ዲግሪ ስትመዘግብ፣ ከ1937 ጀምሮ 45 ዲግሪ ሆኖ የኖረውን የአገሪቱን ክብረ ወሰን በ4.6 ዲግሪ አለፈችው። በማግሥቱ መንደሪቱ በሰደድ እሳት ጠፋች። በዚያው የሙቀት ማዕበል በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ አገር 619 ሰዎች በሙቀት ሞተዋል።

ማጠቃለያ

እውቀት ሲሠራበት ሕይወት ያድናል። ፈረንሳይ ከ2003ቱ ጥፋት በኋላ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋች፤ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን እንዲጎበኙም አደረገች። በጁላይ 2006 ሙቀቱ ሲመለስ 2,000 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ይህም የቀድሞው ልምድ ባይኖር ይሞቱ ነበር ተብሎ ከተገመተው ከ4,000 በላይ ያነሰ ነው። የሙቀት መውጫዎችን መክፈት ማለት ይህ ነው፦ በቀን ጥላ፣ በሌሊት ነፋስ፣ ውኃ፣ ዕረፍት፣ ጠያቂ ዘመድ ወይም ጎረቤት።

የእኛ ቆላማ አካባቢዎች ፈተና የሚመጣው በሐምሌ ሳይሆን ዝናብ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ነው። በጎረቤታችን በደቡብ ሱዳን በማርች 2024 በሙቀቱ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። በጋምቤላ፣ በመተማ ወይም በአፋር ትምህርት ቤት የሚሠራ መሐንዲስ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ቢያደርግ፣ ለአየር መውጫ ቀዳዳ ቢተው፣ በዙሪያው ዛፍ ቢያስተክል በዚህ ጽሑፍ የተዘረዘሩትን ሕጎች ሥራ ላይ አዋለ ማለት ነው።

ለአንባቢ የሚሆን ሙከራ

ሁለት ተመሳሳይ ቴርሞሜትሮችን በጥላ ሥር ጎን ለጎን ስቀሉ። የአንደኛውን ጫፍ በረጠበ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ለጥቂት ደቂቃዎች በካርቶን አራግቡት፤ ከዚያም ሁለቱንም አንብቡ። ሙከራውን አንድ ጊዜ በጥር፣ አንድ ጊዜ በነሐሴ ብታደርጉት በጥር ልዩነቱ ሰፊ፣ በነሐሴ ጠባብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያ ልዩነት አየሩ ላባችሁን ለመቀበል ምን ያህል ቦታ እንደቀረው ይነግራችኋል። ልዩነቱ ጠቦ፣ ደረቁ ቴርሞሜትር ደግሞ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲያነብ ካያችሁ ግን ሙከራውን አቁማችሁ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ያሉትን አዛውንት ጠይቁ።